ጥሩ ኮምጣጤ በምን ይታወቃል?

ኮምጣጤ፣ ብዙዎች ከጣሊያንኛ በተወረሰው ስሙ አቼቶ የሚሉት፣ የሁለት ተከታታይ መፍላት ውጤት ነው፤ በመጀመሪያው እርሾ የወይኑን ወይም የፖሙን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል፣ በሁለተኛው ደግሞ አሴቶባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እየታገዙ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አፍንጫ የሚወጋውን ሽታና ምላስ የሚቆነጥጠውን ጣዕም ወደሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ ይቀይሩታል። ከዚህም የተነሣ ጥራቱን በኮምጣጣነቱ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው፤ አሴቲክ አሲድ የተጨመረበት ተራ ውሃም ይኮመጥጣልና።

መዛኙ አስቀድሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአሲድ መጠን ያነባል። 5% ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም አሲድ አለ ማለት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከወይን ጠጅ ለሚሠራው ቢያንስ 6% ይጠይቃል፤ በደቡብ ስፔን የሚዘጋጀው የሄሬስ ኮምጣጤ በአብዛኛው ከ7% አያንስም፣ የሩዝ ኮምጣጤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4% እምብዛም ስለማይርቅ ለስላሳ ነው። ቁጥሩ ኃይሉን እንጂ ጣዕሙን አይናገርም። ለዚህ ጥቂት ጠብታ በውሃ አቅጥኖ መቅመስ ይገባል፤ ንክሻው ካለፈ በኋላ የፍሬው መዓዛ በአፍ ውስጥ ከቀረ ሥራው የተዋጣ ነው፣ ምንም ካልቀረ አሲድ ብቻ ነው፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ከበረታበት ደግሞ ሲፈላ ተበላሽቷል። በጠርሙሱ ሥር የሚታየው ድፍርስና የኮምጣጤ እናት የሚባለው ስስ ሽፋን ባክቴሪያዎቹ የሠሩት ስለሆነ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በጣሊያን ሞዴና የሚሠራው ባልሳሚኮ የተባለው ባሕላዊ ኮምጣጤ ነው። የወይን ጭማቂ በእሳት ተንተክትኮ ከወፈረ በኋላ ከልዩ ልዩ እንጨት በተሠሩ፣ መጠናቸው እያነሰ በሚሄድ በርሜሎች ቢያንስ 12 ዓመት፣ ኤክስትራቬኪዮ ለሚባለው ደግሞ ቢያንስ 25 ዓመት ይቆያል፤ በዚህም ጣፋጩና ኮምጣጣው ተዋሕደው እንደ ማር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ይሆናል። ገዢው በመለያው ላይ «ትራዲሲዮናሌ» የሚለውን ቃል መፈለግ አለበት፤ ቃሉ የሌለበት ርካሽ ባልሳሚኮ የወይን ጭማቂና የወይን ኮምጣጤ ቅልቅል ሲሆን፣ ለቀለሙ ካራሜል ሊጨመርበት ይፈቀዳል። ባሕላዊውን እሳት ላይ መጣድ የዓመታትን ድካም በእንፋሎት መስደድ ነው።

ለጽዳት ግን መዓዛ ዋጋ የለውም፤ 5% አሲድ ያለው ርካሹ ነጭ ኮምጣጤ ይበቃል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ አረፋ እያስነሣ ያሟሟዋል፤ እብነ በረድም ከዚያው ማዕድን የተሠራ በመሆኑ ኮምጣጤ ሲነካው ይበላል። ኮምጣጤና በረኪና ግን መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥሩ በአንድ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይቀላቀሉ ይጠንቀቁ።