የካርቱን ፊልምና የወላጆች ፍርድ

ወላጆች አንድ ፊልም ለልጆቻቸው የሚስማማ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዘቱን መርምረው ሳይሆን መልኩን አይተው ነው። በሥዕል የተሠራ ከሆነ፣ ባለታሪኮቹም እንስሳት ከሆኑ፣ የልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ የሚያስከትለው ስሕተት በእንግሊዝ አገር «ወተርሺፕ ዳውን» በተባለው ፊልም ላይ በጉልህ ታይቷል።

ማርቲን ሮዘን ከሪቻርድ አዳምስ ልብ ወለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ይህ የካርቱን ፊልም፣ መኖሪያቸው ከመጥፋቱ በፊት አዲስ ስፍራ ፍለጋ የተሰደዱ ጥንቸሎችን ታሪክ ያወሳል። ሜዳው በደም ሲሸፈን፣ ጥንቸሎች በጉድጓዳቸው ታፍነው ሲያልቁ፣ አንዱም በሽቦ ወጥመድ ታንቆ ሲያጣጥር ይታያል። የብሪታንያ የፊልም መዳቢ ቦርድ ግን ለማንኛውም ተመልካች የሚፈቀደውን «ዩ» የተባለውን ምድብ ሰጠው። ሥዕል መሆኑ የደሙን አስፈሪነት ያለዝበዋል፤ ልጆች ቢረበሹም እንኳ ድንጋጤው ከታሪኩ ጋር ያበቃል የሚል ነበር ምክንያቱ። እንዳላበቃ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ የቀረበው የወላጆች አቤቱታ አስረዳ። በ2016 በፋሲካ እሑድ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜም ቁጣው እንደገና ተቀሰቀሰ። በመጨረሻ ቦርዱ በ2022 ፊልሙን የወላጅ ምክር ወደሚያሻው ወደ «ፒጂ» ምድብ አዛወረው።

ፊልሙ በራሱ መጥፎ ሥራ አይደለም። ሞትን ሳይሸፋፍን የሚያሳይ፣ ለበሰለ ልጅ ብዙ የሚሰጥ ሥራ ነው። በምድቡ መለወጥ ብቻ ረክቶ መቀመጥ ግን አይገባም። አዲሱም ፊደል ቢሆን አንዱን ልጅ የሚያስጨንቀው ደሙ ይሁን ወይስ መውጫ ያጣው የጉድጓዱ ጨለማ ለይቶ አይነግርም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

በአገራችን ተረትም ቢሆን ጅቡ አህያዋን ይበላል፤ ጭካኔው ከጥንቸሎቹ ታሪክ አያንስም። ይሁን እንጂ ተረቱን የምትነግር አያት የሕፃኑን ዓይን እያየች አንዱን ታሳጥራለች፣ ሌላውን ትዘላለች፣ ሲፈራም እቅፏ ውስጥ ታስገባዋለች። በሲኒማ ቤት ዘመን ከልጁ ጎን የሚቀመጥ ወላጅ ከዚህ ጥቂቱን ሊፈጽም ይችል ነበር። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ከገባ ወዲህ ግን፣ «ካርቱን ነው» ከተባለ በኋላ ልጁ ብቻውን ይተዋል።