የገዛ ሥራውን ስለ ሰረዘ የሙዚቃ ደራሲ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአስተማሪነት በቆየሁበት ዘመን ለተማሪዎቼ ማስተማር ካቃተኝ ነገር አንዱ መሰረዝ ነው። ጻፉ ሲሏቸው ይጽፋሉ፤ ጨምሩ ሲሏቸውም ይጨምራሉ። ነገር ግን «ይህች መስመር ያማረች ናት፤ ለነገሩ ግን አታስፈልግምና አውጣት» ያልሁት ልጅ እንባው እስኪመጣ ድረስ ይከራከረኝ ነበር። እኔም በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመዘምራን መካከል ስቆም ድምፄ ከሌላው ሁሉ በልጦ ካልተሰማ የዘመርሁ አይመስለኝም ነበርና አልፈርድባቸውም። ይህን ነገር ሳስብ ዮሃን ዮሃንሶን የተባለው የአይስላንድ ሙዚቃ ደራሲ ትዝ ይለኛል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዮሃን በ1969 በሬይኪያቪክ ተወለደ። አብዛኞቹ የአይስላንድ ሰዎች እንደ እኛ በአባታቸው ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ዮሃንሶን ማለትም የዮሃን ልጅ ማለት ነው። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ ከአባቱ የወረሰው ነውና። አባቱ የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተሮችን የሚጠግን መሐንዲስ ነበረ። በ1964 ወደ አይስላንድ የገባው 1401 የተባለው ኮምፒዩተር ሲሠራ የሚያወጣውን ሞገድ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ራዲዮ እንደ ድምፅ ይቀበለው ነበር። አባትየውም ይህን አስተውሎ መኪናው ዜማ እንዲያወጣ አደረገው። በ1971 መኪናው ከሥራ ሲሰናበት ዜማውን በቴፕ ቀርጸው አስቀሩት።

ልጅየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን ቴፕ አንሥቶ፣ ቫዮሊንና ቼሎ የመሳሰሉ ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚጫወቱበት የኦርኬስትራ ድርሰት ሠራበትና በ2006 በአልበም አወጣው። በአንደኛው ክፍል ውስጥ የጥገና መመሪያ በደረቅ ድምፅ የሚያስረዳ ሰው ይሰማል። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጣ፤ የብሎንና የጥገና ነገር ከቫዮሊን ጋር ምን አገናኘው አልሁ። እየቆየ ግን ሳቁ ጠፋ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለው ዕቃ፣ ብረትም ቢሆን፣ ሲሰናበተው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ልጅ የሠራው ነውና።

በ2011 የወጣው «ዘ ማይነርስ ሂምስ» ደግሞ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጣል። ቢል ሞሪሰን የተባለው የፊልም ሰው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በዱርሃም አውራጃ የነበሩትን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከአሮጌ ፊልሞች ሰብስቦ አሳየ፤ ዮሃንም ሙዚቃውን በመለከቶች ደረሰው። ቆፋሪዎቹ በየማዕድን ጉድጓዳቸው የመለከት ባንድ ነበራቸውና የገዛ ድምፃቸውን መለሰላቸው ማለት ይቻላል። መለከቱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ደራሲውም «እኔን እዩኝ» አይልም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በ2008 በወጣው «ፎርድላንዲያ» ላይ ኀዘኑ ያለ ልክ ይረዝማል፤ አንዱ ቁራጭ አልቆ ሌላው ሲጀምር ልዩነቱን ለማግኘት ጆሮ ይቸገራል። ሁልጊዜ የሚያለቅስ ሰው ዘመድ እንኳ ቢሆን ያሰለቻል።

ከዚያ በኋላ ሲኒማ ጠራው። በ«ዘ ቲዮሪ ኦቭ ኤቭሪቲንግ» በ2015 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተቀበለ፤ ለኦስካርም ታጨ። በሚቀጥለው ዓመትም በ«ሲካሪዮ» እንደ ገና ታጨ። ስለ ሽልማት ይህ ይበቃል።

እኔን የሚገርመኝ 2017 ነው። ዳረን አሮኖፍስኪ ለሚባለው ዳይሬክተር «ማዘር!» ለተባለው ፊልም ብዙ ደክሞ ሙዚቃ ከጻፈ በኋላ፣ ሁለቱ ተቀምጠው ፊልሙን ሲመረምሩት ሙዚቃው ለተመልካቹ ምን እንዲሰማው እየነገረ ነገሩን እንደሚያቀለው ተረዱ። ያን ጊዜ ሁሉም ይውጣ የሚለውን ሐሳብ የደገፈ ራሱ ደራሲው ነበረ። ፊልሙም ያለ ሙዚቃ ወጣ። የወለሉ መንቋቋት፣ የበሩ መዘጋት፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ከስንት ድካም በኋላ የቀረለት፣ በፊልሙ መጨረሻ ላይ የድምፅና የሙዚቃ አማካሪ ተብሎ መጠራት ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ደረሰበት። «ብሌድ ራነር 2049» ለተባለው ፊልም እንዲጽፍ ተመርጦ ሳለ፣ ሦስት ፊልም አብሮ የሠራው ዳይሬክተር ዴኒ ቪልኔቭ የቀድሞውን ፊልም ድምፅ የሚቀርብ ሙዚቃ ያስፈልጋል ብሎ ሥራውን ለሃንስ ዚመርና ለቤንጃሚን ዎልፊሽ ሰጠ። እነሆ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሥራ ሳይሰማ ቀረ።

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ወጣቱ አንባቢ እንዲለያቸው እወዳለሁ። ሁለተኛው በማንኛውም ሠራተኛ ላይ ሊደርስ የሚችል ነው፤ ያማል፣ ነገር ግን ከሠራተኛው ፈቃድ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ከገዛ እጁ የወጣ ነው። ሙዚቃው መጥፎ ስለ ሆነ የሰረዘው ሰው ቢሆን ኖሮ አላደንቀውም ነበር፤ መጥፎውን መሰረዝ ማን ያቅተዋል? የሰረዘው ለፊልሙ ስላልበጀ ነው። ያን ልጅ ከነእንባው ባገኘው የምነግረው ይህን ነበር። ዛሬ እርሱ ራሱ ልጆች ሳያስተምር አልቀረም።

ዮሃን በየካቲት 2018 በበርሊን፣ በ48 ዓመቱ ሞተ። ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ የጀመረው «ላስት ኤንድ ፈርስት ሜን» የተባለው ፊልም በባልደረቦቹ ተፈጽሞ በ2020 በበርሊን የፊልም በዓል ታየ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በቀድሞይቱ ዩጎዝላቪያ ተራሮች ላይ የተተከሉ የሲሚንቶ ሐውልቶች ይታያሉ፤ አንድም ተዋናይ በመልኩ አይታይበትም። ቲልዳ ስዊንተን በዝግታ ታነባለች፤ ንባቡ ሲያርፍ ካሜራው ድንጋዩን እያየ ይቆያል።