የፍርድ መዝገብ እንደ ታሪክ መማሪያ፤ ስለ ጎጃም የቀይ ሽብር ውሳኔ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከ39 ዓመታት በኋላ ጉዳዩ በሆላንድ አገር በዘሄግ አውራጃ ፍርድ ቤት ታይቶ፣ በጊዜው በጎጃም ክፍለ ሀገር የደርግ ተጠሪ የነበሩት አቶ እሸቱ ዓለሙ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅጣቱን አጸና። በክሱ ውስጥ 321 ተጎጂዎች የተመለከቱ ሲሆን፣ ውሳኔው በአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይገኛል።

እንደሚታወቀው የዛሬው ሰልጣኝ መምህር በእጅ ስልኩ ማንኛውንም ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል። ይህንንም መዝገብ ወደ ክፍል ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዝገቡ ለመምህሩ በምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚያሳስት መመርመር ነው።

1. ስለ መግቢያው በር

በዚህ የመዝገብ ቤት ውሳኔ የሚፈለገው በተከሳሹ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ምክንያቱም ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ የግለሰቦች ስም ይሠረዛል። መለያው አምስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ እነሱም የመለያው ሥርዓት ምሕጻረ ቃል፣ የአገሩ፣ የፍርድ ቤቱ፣ የዓመቱና የተራ ቁጥሩ ናቸው። በሆላንድ ቋንቋ የተጻፈው ውሳኔ የ2017 ተራ ቁጥር 14782፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም ደግሞ 16383 ነው። ይህን ያልተረዳ አንባቢ ሁለት ልዩ ልዩ ፍርዶች ያገኘ ይመስለዋል፤ ውሳኔው ግን አንድ ነው።

2. ስለ ዘመንና ስለ ቃላት

ሁለተኛው እንቅፋት የዘመን አቆጣጠር ነው። ውሳኔው የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ዘመን ሲሆን፣ በአገራችን የተጻፉት ሰነዶች ግን የኢትዮጵያን ዘመን ይከተላሉ። በማስተምርበት ክፍል አንድ ሰልጣኝ 1978 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ ግድያውን ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ አስቀምጦታል። ስሕተቱ የስምንት ዓመት ነው፤ የሚያጠፋው ግን ዓመት ብቻ ሳይሆን ምክንያትና ውጤት ጭምር ነው።

ሦስተኛው የድርጊቱ ሕጋዊ ስም ነው። በአዲስ አበባ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በተጀመረው የደርግ ባለ ሥልጣኖች ችሎት ዋናው ክስ ዘር ማጥፋት ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም ይጠብቅ ነበርና። የዘሄጉ ክስ ግን የጦር ወንጀል ነው። ስለሆነም ዳኞቹ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ የትጥቅ ግጭት መኖሩን፣ ድርጊቱም ከግጭቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስቀድመው መመርመር ነበረባቸው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ስለ ደብረ ማርቆስ ለማንበብ ገብቶ ስለ ጦርነት ሕግ የሚናገረውን ሐተታ ሲያገኝ መንገድ የሳተ ይመስለዋል። መንገዱን ግን አልሳተም።

3. ስለ ተሠረዙት ስሞች

ሌላ ሰልጣኝ በቤተሰቡ ውስጥ ስሙ ሲነሣ የኖረውን አጎቱን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፈለገ። ያገኘው በቅንፍ የተከበበ ምትክ ቃል ነበር። «እዚህም የለም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚህ በኋላ ያስተማርሁት ትምህርት ሁሉ ከዚያች ቃል በታች ሆኖ ታየኝ።

ስም የሚሠረዘው የግል ሕይወትን ለመጠበቅ በመሆኑ ደንቡን አልነቅፍም። ነገር ግን የሟች ወገን የሆነ አንባቢ ዝምታውን እንደ ሁለተኛ መረሳት ሊወስደው ይችላል። መምህሩ ምክንያቱን አስቀድሞ ማስረዳት ይኖርበታል። ተማሪዎች የጎደለውን ስም በግምት እንዲሞሉ ግን መፍቀድ የለበትም፤ በአንድ ወንበር ላይ የተበዳይና የበዳይ ልጆች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉና።

4. ስለ ማስረጃውና ስለ ፍርዱ

ዋናው ሂሳችን የሚከተለው ነው። ድረ ገጹ የሚያቀርበው ማስረጃውን ሳይሆን ዳኞች ስለ ማስረጃው የጻፉትን ነው። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሰበሰባቸው የደርግ ሰነዶች ራሳቸው በዚያ አይነበቡም። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወንጀል ፍርድ ቤት መዝገብ በአንጻሩ በችሎት የቀረቡ በርካታ ሰነዶችንና የምስክሮችን ቃል ለአንባቢ ከፍቷል።

ልዩነቱ ለትምህርት ታላቅ ነው። ዳኛ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ይህን አድርጓልን?» ብሎ ነው። ተከሳሹ ክሱን ክደው ስለ ነበር ሐተታው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ቢያተኩር ተገቢ ነው። የታሪክ መምህር ግን ትእዛዙ በስንት እጅ እንዳለፈ፣ ጸሐፊውና ዘበኛው ለምን እንደ ታዘዙ፣ ከተማውስ ለምን ዝም እንዳለ ይጠይቃል። ለእነዚህ መልስ ከፍርድ ወረቀት ብቻ የሚፈልግ መምህር፣ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጭኖ ትምህርቱን ይዘጋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት እንቅፋቶች መዝገቡን ለመተው ምክንያት አይሆኑም። በየማሠልጠኛው የዘመን ማመሳከሪያ፣ የሕግ ቃላት ፍች እና የመለያ ቁጥሩን አነባብ የያዘ አጭር መምሪያ ቢዘጋጅ ብዙው ይቃለላል። ሰልጣኞችም «ፍርድ ቤቱ ይህን ወሰነ» እና «ምስክሩ ይህን አለ» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መለየት በፈተና ሊጠየቁ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ትርጉም ያስፈልጋል። ሕግንና ቋንቋን የሚያውቁ ባለሙያዎች የውሳኔውን ዋና ዋና ክፍሎች ወደ አማርኛ ቢመልሱ ወጪው ከአንድ መማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት አይበልጥም። በደብረ ማርቆስ የተፈጸመውን የሆላንድ ተማሪ በቋንቋው እያነበበ፣ የደብረ ማርቆስ ተማሪ በባዕድ ቋንቋ እየፈታ የሚማርበት ምክንያት የለም።