ከአገዳ የሚወጣ መኪና

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሽላ ሲታጨድ ልጆች አገዳውን ይሻማሉ። ልጣጩን በጥርሳቸው ይልጡታል፤ ነጩንና ለስላሳውን ውስጡን ይቆራርጡታል፤ የተሰነጠቀውን ልጣጭ እንደ ችንካር እየሰኩ መኪና ያደርጉታል። ጎማው ይሽከረከራል! ነገ ያው አገዳ ተፈታትቶ በሬ ወይም መነጽር ይሆናል።

እንዲህ የሚለዋወጥ መጫወቻ በፋብሪካም ይሠራል። ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸውን፣ ከመኪናና ከመሳሰለው ወደ ሮቦት የሚለወጡ መጫወቻዎች የአሜሪካው ሃዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ትራንስፎርመርስ በሚል ስም ገበያ አወጣቸው። ዛሬ ከሚሰበስቧቸው መካከል ብዙዎቹ ያን ጊዜ ልጆች የነበሩ ጎልማሶች ናቸው። መጀመሪያ አንድ ይገዛሉ፤ በልጅነታቸው የጠፋባቸውን ወይም አምሯቸው የቀረውን። የመኪናው በር ክንድ፣ ኮፈኑ ደረት ሲሆን ጣታቸው የጥንቱን ደስታ ያስታውሳል። ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል፤ መደርደሪያውም ይሞላል።

ይህን ደስታ የይፋት ልጅ አሳምሮ ያውቀዋል። የእሱ መጫወቻ ግን መደርደሪያ ላይ አይከርምም፤ ይደርቃል፤ ከብት ይበላዋል። የሚቀረው በእጅ ያለው ሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ የአገዳ መኪና መሥራት የምታውቁ ሁሉ፣ በዚህ መኸር አንድ ሠርታችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ። ከዚህ የበለጠ የሚሰበሰብ ቅርስ የለንም።