ስንቁ የሚታሰረው መርካቶ ነው

ከዲንሾ ተነስቶ በወብ ሸለቆ፣ በፊንጫ ሀበራ ፏፏቴና በራፉ የድንጋይ ዓምዶች በኩል ወጥቶ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር ለሚያድር ሰው ጉዞው የሚጀምረው ባሌ ላይ ነው። ለእኔ ግን ግማሹ ሥራ መርካቶ ላይ አልቋል። ሥራዬ ለተራራ ተጓዦች ስንቅ ማዘጋጀትና ካምፕ ላይ ማብሰል ነው። እህል በረንዳ፣ በርበሬ ተራና ምናለሽ ተራ ሳልመላለስ ፈረስ የሚጫን ዕቃ የለኝም። ሰው ስለ ተራራ ሲያወራ ስለ እግርና ስለ ሳንባ ያወራል፤ እኔ ስለ ድስት ነው የማስበው። የባሌው የሳነቲ አምባ ብርድ የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው ከሁሉ በፊት ድስት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፈረንጆቹ በብርድ ወራት ሰፋፊ የበረዶ ጫማ እግራቸው ላይ አስረው በቀዘቀዘ ሐይቅ ዙሪያ ቀናት ይጓዛሉ። እኛ ዘንድ በረዶው ተኝቶ አይከርምም። አንድ የአክሱም ንጉሥ አዱሊስ ላይ ባስቀረጸው፣ ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገለበጠው ጽሑፍ ላይ የሰሜን ተራሮች በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ተነግሯል። ዛሬ ግን ራስ ዳሽን ላይ ቢጥል እንኳ ፀሐይ ወዲያው ታነሳዋለች። የእኛ ብርድ ሌላ ዓይነት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ግን ሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። ጠዋት ድንኳኑ አመዳይ ለብሶ ይቆያል፤ የጀሪካኑ አፍ በበረዶ ይደፈናል። ማታ ውሃውን ድስት ውስጥ ቀድቼ የማድረው ለዚህ ነው፤ ድስት እሳት ላይ ይጣዳል፣ ጀሪካን አይጣድም።

ከብርዱ የባሰው ግን ከፍታው ነው። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፤ ሳነቲ 4,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ86 ወይም በ87። አረፋው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ጎደሎ ነው። ይህን የማያውቅ አብሳይ ባቄላና ሽምብራ ጥዶ ላምባውን ይጨርሳል። ብዙ አስጎብኚዎች ፓስታና ሩዝ ያስጭናሉ፤ ሩዙ ከላይ ይላቁጣል፣ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ዳገት የወጣ እንግዳ ሦስት ጉርሻ ጎርሶ ሳህኑን ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። ከፍታ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ በዚያ ላይ ያልበሰለ ነገር ሲቀርብለት ሳይበላ ይተኛል። ሳይበላ የተኛ ሰው ሌሊቱን ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ብርድ ልብስ ብትደርብበት አይጠቅመውም።

መፍትሔው እናቶቻችን እጅ ላይ ነበር። የአገራችን ስንቅ አስቀድሞ እሳት ያየ ስንቅ ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ነው፤ ውሃ ብቻ ይፈልጋል። ሽሮ ተቆልቶ ተፈጭቷል፤ በ86 ዲግሪም ቢሆን እያማሰልክ ከጠበቅኸው ይበስላል። ደርቆሽ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ሽንኩርትና ድልህ ቁሌት ሠርተህ ውሃ ጠብ አድርገህ ብትለውሰው ፍርፍር ይሆናል። ጭኮ ደግሞ የአርሲና የባሌ ሰዎች ስንቅ ነው፤ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ይቀመጣል፣ ቀናት ይቆያል፣ እሳትም አይፈልግም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶና ደርቆሽ ቋጥሮ ያን ሁሉ ተራራ ያቋረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ማብሰሉ ቤት አልቋል፤ መንገድ ላይ የቀረው ማራስና ማሞቅ ነው። ተራራ ላይ እሳት ውድ ነው፣ ጊዜም ውድ ነው።

ስለዚህ በሶ ስገዛ አልቸኩልም። ለዓመታት የማውቃት ባልትና ቤት ያላት እናት አለች።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ ተፈጨ?»

«ትናንት ማታ ነው ልጄ። ቅመሰው እንጂ፣ ምን ታየዋለህ!»

ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደርጋለሁ። ጥሩ በሶ መጀመሪያ ምራቅ ይመጥጣል፣ ቀጥሎ የቆሎው ጣዕም ይመጣል። ገብሱ ሳይበስል ከተፈጨ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ሆድም ይነፋል፤ ካረረ ይመራል። ከዚያ መዳፌ ላይ ጥቂት ውሃ አንጠብጥቤ እጨብጠዋለሁ። ጭብጡ ሳይሰነጠቅ ከያዘ አፈጫጨቱ ልክ ነው። ከተፈረፈረ ሻካራ ነውና፣ በቀዘቀዘ እጅ ማሸት ለማይችል ሰው አይሆንም። እትዬ ይህን ሁሉ ሳደርግ ዝም ብላ ታየኛለች፤ ያልረካሁበትን አንድም ቀን ውሰድ ብላኝ አታውቅም። ደርቆሹን ደግሞ በጆሮዬ ነው የምፈትነው። ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። የሚታጠፍ ደርቆሽ እርጥበት ይዟል፤ ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ ፈረስ ላይ ሲሞቅ ይሻግታል።

ከባልትናው ወደ ምናለሽ ተራ እሻገራለሁ። የበርሜል ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ምጣድና ምድጃ የሚሠሩት ሰዎች መንደር ነው። ለላምባ ምድጃዬ በማጠፊያ የተያያዘ ባለ አራት ክንፍ የነፋስ መከለያ የሚሠራልኝ ባለሙያ አለ። የሳነቲ ነፋስ እሳቱን ከድስቱ ሥር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ያ ቆርቆሮ ከሌለ ላምባው በከንቱ ያልቃል። ባለሙያው ቆርቆሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን በመዶሻ ወደ ውስጥ ያጥፍልኛል፣ ፈረሱን እንዳይቆርጥ። ለቅቤም ሰፊ አፍ ያለው ቆርቆሮ እገዛለሁ። በብርድ ቅቤ ድንጋይ ይሆናል፤ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከገባ በማንኪያ አይወጣም። በእንጨት አናበስልም። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፣ የባሌ ጭጋግና ውሃም በእሱ ነው የሚያዘው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ውስጥ ለአንድ ድስት ሻይ አስታ መቁረጥ ለእኔ ነውር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማስብበት ግን ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው ነው። ፈረስ የሚነዱልን የባሌ ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ አብረውን የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ክርስቲያኖች። በአገራችን ሥጋ ማን እንደባረከው ይጠየቃል፤ ቋንጣ ከገባ ድስት ሁለት ይሆናል፣ እሳት ሁለት ይሆናል፣ ማዕዱም ይከፈላል። ብርድ ላይ ማዕድ ሲከፈል ሰው ይከፈላል። ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም ነው። እኔ የጾሙን ምግብ ለሁሉም አቀርባለሁ፦ ሽሮ፣ የምስር ክክ፣ በዘይት የተሠራ የደርቆሽ ፍርፍር፣ ቆሎ። የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ቅዳሴ ጎን ለጎን የሚሰማበት መርካቶ ውስጥ ለሠራ ሰው ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ነጋዴው ምሳውን የሚበላው እንደዚሁ ነው። ቋንጣ የሚፈልግ እንግዳ ካለ ለብቻው ዕቃ፣ ለብቻው መጥበሻ ይያዝለታል። ጭኮው ማታ ከመኝታ በፊት ለማይጾም ሁሉ ይዞራል፤ የቅቤውና የገብሱ ብርታት ሌሊቱን ሰውነት ያሞቃል። ለጾመኛው የሱፍ ፍትፍት እሠራለሁ።

ፊንጫ ሀበራ ላይ ስናርፍ ለእንግዶች የምነግረው ታሪክ አለ። እዚያ ያለው የድንጋይ ጥላ ውስጥ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ያን ጊዜ ከበላያቸው ያለው ተራራ የበረዶ ግግር ተሸክሞ ነበር፤ ጋርባ ጉራቻንም የቦረቦረው ግግር በረዶ ነው። እነዚያ ሰዎች ውሃቸውን ከሚቀልጠው በረዶ፣ ምግባቸውን ከመሬት ሥር ያገኙ ነበር፦ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ለመሣሪያቸው የሚሆነውንም ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ከተራራው ላይ ያመጡ ነበር። አብሳይ ሆኜ ሳየው ያስደንቀኛል። እኔ ከመርካቶ አስጭኜ የማመጣውን እነሱ እዚያው አግኝተው ኖረዋል፤ እንጨት እምብዛም በሌለበት ከፍታ ላይ የተጠበሰ ነገር ለመብላት ምን ያህል እንደደከሙ የሚገባኝ ምድጃዬን በነፋስ ሳቀጣጥል ነው።

ጭነቱ ዲንሾ ላይ በፈረስ ባለቤቶቹ ፊት ይታሰራል። በዚህ እነሱ ናቸው አለቆቹ፤ እኔ ማዳበሪያዎቹን በክብደት አቻ አቻ አድርጌ ብቻ አቀርባለሁ። ግራና ቀኙ ካልተካከለ ጭነቱ ዳገት ላይ ያዘነብላል፣ የፈረሱም ጀርባ ይላጣል። መጫኛውን ሲያጠብቁ አንዱ በጉልበቱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል። የመጨረሻው ቀን ስንቅ ከታች ይገባል፤ የዛሬው ምሳ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ስኳሩና ምድጃው ከላይ። ካምፕ ሲደረስ ሰው ከመቀመጡ በፊት ሻይ መጣድ አለበት፤ ላብ ሲደርቅ ነው ብርድ የሚገባው።

አንድ ነገር ግን ፈረስ ላይ አይጫንም። ሳነቲ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ፈረሶቹ በአንድ በኩል፣ ተጓዡ በሌላ በኩል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በጉዞው ዝርዝር ያልተቆጠረ ስንቅ በእኔ ጀርባ ላይ ይሄዳል፦ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ኩባያ በሶ፣ አንድ ጭብጥ ጨው፣ ስኳር፣ አንዲት ትንሽ ድስትና ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ። የጎደለውን ጉዞው ሲያልቅ እትዬ ዘንድ ሄጄ እሞላዋለሁ። ካልተነካም በሶው ቤት ይበላል፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ትኩስ ይገዛል።