የረስት «ኮማንድ» እና የተደበቀው ፈጣን መንገድ

በረስት ቋንቋ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ለማስነሳት የሚጽፈው አንድ መስመር ነው። መስመሩን ተቀብሎ ሥራውን የሚሠራው በመደበኛው ላይብረሪ ያለው «ኮማንድ» ነው። አርጆ ወይም ነቀምት ላይ በላፕቶፑ የረስት ኮድ የሚያጠናቅር ወጣት ሁሉ ሳያውቀው ይጠቀምበታል፤ የረስት የጥቅል አስተዳዳሪ ካርጎ ለእያንዳንዱ ጥቅል ማጠናቀሪያውን የሚጠራው በእሱ ነውና።

የዩኒክስ ነባር ልማድ ፎርክ ነው። ወላጁ ፕሮሰስ ራሱን ያባዛል፣ ግልባጩም ወዲያው በኤግዜክ ማንነቱን ጥሎ ሌላ ፕሮግራም ይሆናል። ጎረቤት እሳት ለመጫር የቤት ዕቃን ሁሉ ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። ሊኑክስ ሜሞሪውን ወዲያው ባይገለብጥም የገጽ ሠንጠረዦቹን ይገለብጣል፤ ስለዚህ ወላጁ በገዘፈ ቁጥር ልጁ ለመነሳት ይዘገያል።

የረስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ኮማንድን ወደ ፖዚክስ ስፖውን ማዞራቸው ትልቅ ሥራ ነው። በዚህ ጥሪ ልጁ የወላጁን ሜሞሪ ለጊዜው ይጋራል፣ ወላጁም ኤግዜክ እስኪፈጸም ይጠብቃል። ሊኑክስ ላይ የሲ ላይብረሪውን ጂሊብሲ 2.24 እና ከዚያ በላይ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው፤ የቀደሙት እትሞች «ፕሮግራሙ የለም» የሚለውን ስህተት ለወላጁ በወጉ አያደርሱም ነበር።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የተጠቃሚ መለያ ከቀየርክ፣ በልጁ ውስጥ ቅድመ ኤግዜክ የሚሠራ ኮድ ካስገባህ፣ ወይም ፓዝን (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ማውጫዎች ዝርዝር) ቀይረህ ፕሮግራሙን በስሙ ብቻ ከጠራህ ኮማንድ ወደ ፎርክ ይመለሳል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ኮዱም እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ፍጥነቱ ብቻ ይጠፋል። የአሮጌው መንገድ ጥንቃቄ ግን ያስደስታል፦ ኤግዜክ ካልተሳካ ልጁ በቧንቧ 8 ባይት ይልካል፤ 4ቱ የስህተት ቁጥር፣ 4ቱ የማረጋገጫ ፊደላት ናቸው።

ቅድመ ኤግዜክ ኮድ የፈለገውን ሊያደርግ ስለሚችል የጋራ ሜሞሪ ውስጥ መልቀቁ አደገኛ ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። የተጠቃሚ መለያን ግን የጎ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 1.9 እትሙ በሌላ መንገድ ፈትቶታል። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሜሞሪ የሚጋራ ልጅ ይፈጥራል፣ መለያውንም ልጁ ራሱ በቀጥታ የሥርዓት ጥሪ ይቀይራል። ለተጠቃሚው ነፃ ኮድ ማስገቢያ ስላልከፈተ ይህን ማድረግ ችሏል።

ረስት ማስገቢያውን ይተው አልልም። «ፈጣኑን መንገድ ብቻ ተጠቀም፣ ካልቻልክ ስህተት መልስ» የሚል አንድ ምርጫ ግን ኮማንድ ላይ ሊጨመር ይገባል።