ርስትና ካሳ በጎጃም

ስለ ጎጃም ርስት የሚያጠና ሰው የአለን ሆበንን መጽሐፍ ሳይመረምር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ሥራ ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን ደጋ ዳሞትን ይመለከታል። ርስት ማለት የታጠረ ማሳ ብቻ አለመሆኑን፤ ይኸውም ከዋናው አባት በአባትም በእናትም ወገን እየተቈጠረ የሚጠየቅ ድርሻ መሆኑን ያስረዳል። መሬት ያልደረሰው ጐልማሳም ተስፋ ነበረው።

ከዚህ ጋር የካሳውን አዋጅ ቁጥር 455/1997ን አስተያይተን ስናነብ ጉድለቱ ይታየናል። ገበሬው መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድበት፥ የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር፤ ምትክ መሬት ካገኘ ግን የአንድ ዓመቱ ብቻ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ሽሮ ብዜቱን 15 አደረሰው። የኛ ክርክር ግን በብዜቱ ላይ አይደለም። የሚባዛው ምርት ነው፤ የሚከፈለውም ባለይዞታው ነው።

ርስትን ማወደሳችን እንዳይመስል፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ ከርስት ውጭ ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ለነዚህ ሰዎች በጎ ሠርቷል።

የነገሩ ክብደት በይበልጥ የሚታየው በሜጫ ነው። በመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ ግድብ እርሻና ግጦሽ አጥለቀለቀ፤ ለተነሡት ገበሬዎች ምትክ የተፈለገውም በመስኖው ክልል ውስጥ ከሌላው ይዞታ ተቀንሶ ነበር። እንግዲህ ሳይነሣ መሬቱ የጠበበበት ጎረቤት፥ ድርሻውን ሲጠብቅ የኖረውም ልጁ፥ በካሳው ግምት በየትኛው ዓምድ ይጻፋሉ?